የሚስተር ላፎርት የናፍጣ ብልቃጥ

ሚስተር ላፎርትን አንድ ተራ የጥር ቀን አሥራ አንድ ዶላር ያስወጣቸዋል። ስድስቱ ጎህ ሳይቀድ ላይኛውን መንገድ ዞረው እስኪመለሱ ፒክአፓቸው የሚጠጣው ቤንዚን ነው። ሦስቱ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ እሳቸው ስለሚነሱ ብቻ ምድጃቸው የሚበላው ተጨማሪ እንጨት። ሁለቱ ማደያው ሱቅ ውስጥ የሚጠጡት ቡና። ይህን ወጪ የሚመልስላቸው ሰው የለም። ከትምህርት ቤት አውቶብስ ሾፌርነት ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ የሚያስገድዳቸውም የለም። እኔ ደግሞ ሳይከፈለው በየቀኑ የሚደክም ሰው ያጠራጥረኛል።

ሥራቸው ይህ ነው፦ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ መስኮት ላይ ወደተሰቀለችው ነጭ ሰሌዳ ይሄዱና “ነገ ትምህርት ቤት” ከሚለው ሥር ከሦስት ቃላት አንዱን ይጽፋሉ። ክፍት፣ ዘግይቶ፣ ዝግ። የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊ የሚወስነው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሚስተር ላፎርት ሌሊቱን ሙሉ ይቀድሙታል፤ ባለፈው ክረምት የሳቱት ሁለቴ ብቻ ነው።

ከሐይቃችን ተነስቶ የሚወርደው በረዶ እንደ መቀነት ጠባብ ነው። የእኛን ጓሮ እስከ መስኮት ሲቀብር፣ ታች ከተማ ያለችው አክስቴ ኖርማ ደጇ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ “በአካባቢው” ብሎ ያልፋል። በ“አካባቢው” ልጅ ማሳደር አይቻልም።

የምሠራው መጦሪያ ቤት ነው፤ አረጋውያን አጥባለሁ፣ አበላለሁ። የምገባው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በአዘቦት ቀን የስድስት ዓመቷን ልጄን ቴሳን ጎረቤቴ አውቶብስ ላይ ታሳፍርልኝና ወደ ራሷ ሥራ ትሄዳለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ቴሳን የሚይዝልኝ የለም። ዘንድሮ በዚህ ሰበብ ሁለት ቀን ቀርቻለሁ። አለቃዬ ወረቀት አስፈርማኛለች፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። ከማታው ካወቅሁ ግን ቴሳን ኖርማ ዘንድ አሳድራታለሁ። ስለዚህ እንጀራዬ በአንድ ሽማግሌ ማርከር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባልጠረጥር ነበር የሚገርመው።

መጀመሪያ ኃላፊው ሹክ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ሊመሽ ሲል፣ ከሥራ ስመለስ በአውቶብሶቹ ግቢ በኩል አለፍኩ። ሚስተር ላፎርት ዘጠኝ ቁጥር አውቶብስ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። በቀጭን ጎማ ከታንከሩ ናፍጣ ወደ ማርማላታ ብልቃጥ ይስባሉ። ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ብልቃጡን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱ፤ ግራ ቀኝ አዩና ወጡ።

ዘጠኝ ቁጥር ከሁሉ ያረጀው አውቶብስ ነው። እሱ ካልተነሳ የላይኛው መንገድ ልጆች አውቶብስ አያገኙም፤ ላይኛው መንገድ ከቀረ ሁሉም ይቀራል። ትንቢቱን የሚናገሩትም የሚፈጽሙትም እሳቸው ናቸው ማለት ነው፣ አልኩ። ቤቴ እንደገባሁ ለጋራዡ ኃላፊ ለዱዌይን ደወልኩ።

“ዱዌይን፣ ጡረታ የወጣ ሰው ግቢያችሁ ገብቶ ናፍጣ ይቀዳል እንዴ?”

“ላፎርትን ነው? ተዪው ባክሽ። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ግቢ እንደ ቤቱ ያውቀዋል።”

“ከቤት ሌባ ይሰውርህ ነው የሚባለው።”

ረቡዕ ጠዋት ሳልፍ የግቢው በር ላይ አዲስ ሰንሰለት አየሁ።

ረቡዕ ማታ ሰሌዳዋ ላይ አንድም ቀን ተጽፎ የማያውቅ ቃል ነበር፦ አላውቅም።

“ነቢዩ ራሳቸው ተዘጉ” አለ ሲጋራ ሊገዛ የመጣ አንድ ጎረምሳ።

“ምን ነቢይ ያስፈልጋል?” አለ ከኋላው የቆመው። “ቀና ብለህ እይ። ኮከቡ ሁሉ ወጥቷል። አንዲት ብናኝ የለችም።”

እኔም ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሐይቁ በሳምንቱ መጀመሪያ ግግር ስለሆነ በረዶ መላኩን ትቷል። እኛ አገር ሰው በረዶ ብቻ ነው የሚፈራው፤ ሰማይ ከጠራ የልጁን ቦርሳ አዘጋጅቶ ይተኛል። ቤት ስገባ ቴሳ ፒጃማዋን ገልብጣ ለብሳ፣ ማንኪያ ትራሷ ሥር ከትታ አገኘኋት፤ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲዘጋ የሚያደርጉት ነው። “ዛሬ ማንኪያም አይረዳሽ” ብዬ ሳቅኩባት። ያቺ “አላውቅም” ግን አልለቀቀችኝም። እኔ ያስዘጋሁት በር እንዳለ አውቃለሁ። ቴሳን ከነፒጃማዋ ካፖርት ደረብኩላት፤ የአንድ ሌሊት ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ወደ ሚስተር ላፎርት ቤት ነዳሁ።

በረንዳቸው ላይ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሃያ ይላል። ከሥሩ፣ የበረንዳው አጥር ላይ፣ ብልቃጡ ተቀምጧል። እሳቸው የአጋዘን ሥጋ ወጥ ሳህን ይዘው በሩን ከፈቱ።

“ሦስተኛ ወንበር፣ በግራ” አሉ። ልጅ ሆነን ያጓጓዙንን ሁሉ የሚጠሩት በተቀመጥንበት ነው። “ይቺ ደግሞ የሦስተኛ ወንበር ልጅ። ግቡ፣ ቤቱን አታቀዝቅዙብኝ።”

“ሚስተር ላፎርት፣ ለዱዌይን የደወልኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ። ዱዌይን ምስጢር የሚጠብቀው ጥርሱን ሲነቀል ብቻ ነው።”

“ናፍጣውን ምን ያደርጉታል?”

ወጥተው ብልቃጡን አመጡና መብራቱ ሥር ዘቀዘቁት። ናፍጣው አልፈሰሰም። እንዳደረ የበሬ ሾርባ ነጭ ሞራ ሠርቶ ብልቃጡ መቀመጫ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

“አውቶብሱ የሚጠጣው ይህንን ነው” አሉ። “በረዶ ሲሆን መንገዱን አያለሁ። ብርድ ሲሆን ብልቃጡን። ሌላ ጥበብ የለኝም።”

“ታዲያ ለምን ዝግ ብለው አልጻፉም?”

“ይሄ የትናንት ናፍጣ ነዋ። ዛሬ ቦቴ መጥቶ በብርድ የማይረጋውን የክረምት ቅይጥ ጨምሮበት ቢሆንስ? እንዳላይ ሰንሰለት አለ። ያላየሁትን አልጽፍም፤ ሰው ልጁን ይዞ ያምነኛል።”

“ለምን ዱዌይንን አይጠይቁትም?”

“የእኔን ስልክ አያነሳም። ያንቺን ግን ያነሳል፤ ወሬ ታመጪለታለሽ።”

ደወልኩ።

“አሁን ደግሞ ምን ሰረቁ?” አለ ዱዌይን።

“ቦቴው ዛሬ መጥቶ ነበር?”

“ሰኞ ነው የሚመጣው። ምነው?”

ሚስተር ላፎርት የቀረውን አልጠበቁም፤ ሰሌዳዋን ሊያርሙ ቦት ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። ገመዱን ሲያስሩ ወደ እኔ ሳያዩ ተናገሩ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት እንዲህ ባለ ጥርት ያለ ጠዋት ዘጠኝ ቁጥር ናፍጣው ረግቶ ላይኛው መንገድ ላይ ቆሞባቸው ነበር፤ አሥራ አራት ልጆች፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሦስት ሦስት አድርገው አስቀምጠው አዘፈኗቸው። እኔ ያን ቀን ታምሜ ቀርቻለሁ፤ ከአሥራ አራቱ አንዷ ግን የሁለት ጣቶቿን ጫፍ አጣች። ጃኔል ናት፣ የማደያው ሱቅ ሻጭ። ሰሌዳዋን የሰቀለችው፣ ቡናቸውንም የምትቀዳላቸው እሷ ነች። ስንት ጊዜ ከእጇ መልስ ተቀብያለሁ፤ ስለ ጣቶቿ ጠይቄያት አላውቅም።

“ስለዚህ ዝግ ነው?” አልኩ።

“ዝግ ነው።”

ከተሳሳቱ ቴሳ አንድ ቀን ከትምህርት ትቀራለች። ልክ ሆነው እኔ ካላመንኳቸው ግን ከሥራ የምቀረው እኔ ነኝ። ወደ ኖርማ አርባ ደቂቃ ነዳሁ፤ መንገዱን ሁሉ “ተሞኘሽ” እያልኩ። አንዲት የበረዶ ብናኝ እንኳ አልወረደችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ የትምህርት ቤቱ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ፦ ዝግ። ከአሥራ ሰባቱ አውቶብሶች የተነሱት አራት ብቻ ነበሩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽርጤን አስሬ ቆሜያለሁ። አለቃዬ ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች፣ አለፈች።

አሁንም ሙሉ በሙሉ አምኛቸዋለሁ አልልም። ጎህ ሲቀድ ቀድሜ መስኮት ላይ የምቆም ሴት ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ግን በራሴ እጅ ያጠብኩት ብልቃጥ ወሰድኩላቸውና፣ ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው አልኳቸው። አልከለከሉኝም፤ አንድ ነገር ብቻ እንዳደርስ ለመኑኝ። ዱዌይን ሰንሰለቱን አላነሳም፤ ይህን ከምታነቡት መካከል ግን የግቢው ቁልፍ ያለው አይጠፋም። ልመናቸው እንዲህ ነው፦

“ብርድ ሲጠና፣ ሳይመሽ፣ ከዘጠኝ ቁጥር አንድ ብልቃጥ ናፍጣ ቀድታችሁ የአውቶብሶቹ ግቢ አጥር ላይ ስቀሉልኝ። ከሌላ አውቶብስ አይሁን። ሰው እያየ ቅዱት፤ ሦስተኛ ወንበር ቆማ ትይ ከፈለገች። ክዳኑን ደግሞ አጥብቃችሁ ዝጉልኝ፤ ያለኝ ካፖርት አንድ ነው።”