ሙሽራዋን በእግሯ ያስኬደች መኪና

ዛሬ ሙሽራዋ ከመኪናዬ ወርዳ ሙሽራው ቤት በእግሯ ገባች።

ዲኤክሴን እንደ ውድድር መኪና ዝቅ ያደረግኳት እኔው ነኝ። ሞላዋን አስቆርጬ ሰፊ ቸርኬ አስገጠምኩላት። ከሚሴ አስፋልት ላይ ሰው ዞሮ ያያታል።

ሙሽራው ሰፈር ጨፋ ሮቢት ስንደርስ ግን ከአስፋልቱ እንደወጣን ሆዷ ጉብታ ላይ ተቀመጠና ቀረች።

የሙሽራዋ አክስት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ "አቦ ልጄ፣ መኪናህስ ታምራለች፤ የምታምረው ግን ስትቆም ነው" አሉኝ።



አሁን ሞላውን ልመልስላት ወይስ ሸጬ ከፍ ያለ ሞዴል ልግዛ እያልኩ ስብሰለሰል ነው የዋልኩት። መካኒኬ ደግሞ "ትንሽ ጨምረን ዝቅ ብናደርጋትስ?" ይለኛል።

መኪናችሁን አሳምራችሁ እንዲህ ያፈራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።

ነገ ሙሽሮቹ ለመልስ የሚሄዱት በባጃጅ ነው።