ለአባቴ ያልነገርኳቸው የምሥራች

አባቴ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ከሳንባቸው ላይ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ሲወጣላቸው፣ የበሽታውን ስም ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው «ስሙን ከሰማ በድንጋጤ ይሞትብናል» ብለው ዘመዱን ሁሉ አስማሉ። ፍኖተ ሰላም ላይ ባዮሎጂ የማስተምረው እኔ ሴት ልጃቸውም፣ ሳላፍር፣ ማልሁ። «መግል ቋጥሮ ነበር፤ ወጣልዎት» አልናቸው።

ከሆስፒታሉ ሳንወጣ ሐኪሙ ለብቻዬ አስጠራኝ። የወጣው እጢ ሲመረመር፣ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት በብዛት ገብተውበት ተገኝተዋል። የአባቴ ሰውነት ጠላቱን ለይቶታል ማለት ነው፤ ተደብቆ የቀረ ቢኖርም አሳድዶ የማጥፋት ዕድል አለው።

«ዋስትና ግን አይደለም» አለኝ። «ካንሰር ከተከላካዮቹ መሸሸግም ያውቅበታል። በደንብ ይብሉ፤ በየስድስት ወሩም ይምጡ።»

በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ደጉን ለመንገር መጀመሪያ ክፉውን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ዋጥ አደረግሁት።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ እንደምንም አግባብቼ ወሰድኋቸው። ሁለተኛው በዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። ያኔ የሞባይል ኔትወርክ ገጠር ስላልደረሰ፣ ላስታውሳቸው ማንኩሳ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው በጠዋት ሄድሁ። ከስተው ሱሪያቸው ከወገባቸው ሊወልቅ ደርሷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም ነበር።

«አባ፣ የንስሐ አባትዎ እኮ በጊዜ ይብሉ ብለዋል።»

«እሱ ለታመመ ነው። መግሉ ወጥቶልኝ የለ? ምን ሆንሁ ብየ? አዲስ አበባም አልሄድም፤ መሬቴ አልታረሰም።»

በራሴ ተናደድሁ። የሚራቡት በእኛ ውሸት ነው። መሐላውን አፍርሼ ደጃፉ ላይ ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ መጀመሪያ ስሙን፣ ከዚያ የምሥራቹን።

እጃቸው ወደ ጠባሳው ሄደ።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ተከላካዮቹ እዚህ ውስጥ ሁነው ይዋጉልኛል?»

«አዎ፣ አባ።»

«ደቦ የመጣ ሰው ከመሬቴ ላይ በባዶ ሆዱ ውሎ አያውቅም!» ብለው ጮኹብኝ። «አንች ግን ዓመት ሙሉ ሲሠራልኝ የኖረውን ሳስርበው እያየሽ ዝም አልሽ!»

አለቀስሁ። እሳቸው ግን ሊያባብሉኝ አልሞከሩም። ገብተው የሽሮውን ድስት ራሳቸው ከፈቱና፣ ገና በሦስት ሰዓት፣ ጠግበው በሉ። እጃቸውን ሲታጠቡ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

በዚያ ምርመራ ካንሰሩ ተመልሶ አልተገኘም። ከዚያ ጉዞ ይበልጥ የማስታውሰው ግን መናኸሪያውን ነው። ያስማሉን አጎቴ ሊሸኙን መጥተው፣ እንደለመዱት፣ «መቼም ይኸ መግል አስቸገረህ» አሏቸው።

«ካንሰር ነው» አሉ አባቴ፣ ሻንጣቸውን እያነሡ። «ከሰማሁ ሦስት ቀኔ፤ አልሞትሁም።»

መቀመጫ ያስፈለጋቸው አጎቴ ነበሩ።