ማሽኑ ያልቆጠራቸው

ላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ እምቢ» ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት ደም ስትመረምር ያላመነችበትን ውጤት ፈርማ አታውቅም። አለቆች መጥተው ሄደዋል፤ እሷ ግን ከነማይክሮስኮፗ መስኮቱ ሥር እንደተገተረች አለች። ጡረታዋ አራት ወር ሲቀረው ትለሰልሳለች ብሎ የጠበቀ ካለ፣ የዋህ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአንድ በያጅ ደም መጣ። ሰውየው ቫይረስ ባመጣበት ትኩሳት አሥር ቀን ተኝቶ፣ ሊሻለው ሲል ግራ እግሩ አበጠ። ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶበታል። የረጋው ተነቅሎ ሳንባውን እንዳይዘጋበት የደም ማቅጠኛ መርፌ ይወጋል። አሁን ታዲያ ማሽኑ ፕላትሌቱን ቆጥሮ አሥራ አንድ ሺህ አለ። የጤነኛ ሰው ቢያንስ መቶ ሃምሳ ሺህ ነው።

ፕላትሌት ደም ሥር ሲቀደድ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ቀዳዳውን የሚደፍን ቅንጣት ነው። ቫይረስ ሲገባ ግን አመሉ ይከፋል። አንዳንዴ አልቆ ሰውን ለመድማት ይዳርጋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቁስል በሌለበት ተጣብቆ ደም ያረጋል። ፕላትሌቱ በእርግጥ ካለቀ ማቅጠኛው ሰውየውን አድምቶ ይገድለዋል። ሐኪሙም ይህንኑ ፈርቶ ደወለ፤ «የስድስት ሰዓቱን መርፌ አቁሜዋለሁ፣ የተፈረመ ውጤት ላኩልኝ» አለ።

ለእትዬ እምቢ ነገሩ አልዋጥላት አለ። ነርሷ ጋ ደውላ ድዱ ይደማ እንደሆነ ጠየቀች፤ ምንም የለውም ተባለች። ቲዩቡን በቀጭን እንጨት አማስላ የረጋ ነገር ፈለገች፤ የለም። ከዚያ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አስጥታ፣ ቀለም ውስጥ ነክራ፣ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከለች። ፕላትሌቶቹ ጠርዙ ላይ እንደተነፋፈቁ ዘመዳሞች ተቃቅፈው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ሐኪሙ እየጠበቀ ነው» አላት የላቦራቶሪው ኃላፊ። «ማሽኑ ያለውን ይፈርሙና ይላክ።»

«አልፈርምም። ና እይ።»

«ማሽኑ የተስተካከለው ባለፈው ሳምንት ነው።»

«ማሽኑን ማን ሰደበው? አንድ በአንድ ሲመጡለት ይቆጥራል፣ ተጣብቀው ሲመጡ ይዘላቸዋል። ያጣበቃቸው ደም እንዳይረጋ ሐምራዊው ቲዩብ ውስጥ የሚደረገው መድኃኒት ነው፤ የማይስማማው ሰው አለ። የሰማያዊው መድኃኒት ሌላ ነው፣ በእሱ ይቀዳልኝ።»

«በሥርዓቱ ይጠየቅና ነገ ጠዋት ይቀዳል።»

«የረጋውስ ደም እስከ ነገ ይታገሣል?»

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ኪሷ ከታ ወጣች። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ደም እንዳይቀዳ ተከልክሏል፤ ክልከላውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ከተሳሳተች ሰውየው በእሷ ምክንያት ደሙ እየፈሰሰ ይሞታል።

የበያጁ እህት ያበጠውን እግር ትራስ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ደግሞ ደም? ቅድም ወስዳችሁ የለ እንዴ?» አለች።

«ቅድም ያየሁትን አላመንኩትም፣ እህቴ።»

በያጁ ክንዱን ዘረጋ። «ተያት። እኔም ያላመንኩትን ብየዳ በመዶሻ መትቼ ነው የማየው።»

ቀድታ ስትነሳ ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሟል። «እዚህ እንድትገቢ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም» አለችና በአጠገቡ አለፈች።

አዲሱ ደም መቶ ሰባ ስምንት ሺህ ቆጠረ። አሁንም ማሽኑን አላመነችውም፤ መስታወት ላይ አስጥታ አየች። ፕላትሌቶቹ ተለያይተው ተበትነዋል። ተከትሏት የመጣው ሐኪም ሁለቱንም መስታወቶች እያፈራረቀ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ቀና አለ። ስልኩን አንሥቶ ነርሷን «መርፌውን አሁኑኑ ስጪው» አላት።

በማግስቱ ኃላፊው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ያለ ፈቃድ ሕሙማን ክፍል ገብታለች ይላል። ከታች ጥፋቷን እንደማትደግም በእጇ የምትጽፍበት ሦስት መስመር ተትቶላታል። ኃላፊው አጠገቧ ቆሞ ጠበቀ፤ ስክሪብቶውንም አቀበላት። እሷም ሳትቸኩል ጻፈች፦

«ገብቻለሁ። ሰውየው ፎቅ ላይ በሕይወት አለ። ነገም እንዲህ ያለ ደም ከመጣ እገባለሁ።»