ሻሹ ተነሣ ወይ?

ዛሬም ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ ፊሽካ ሲነፋ ሳላስበው ዞር ብዬ አባቴን እፈልጋለሁ። አባቴ መርሳ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበሩ፤ ሚኒባሶቹን አሰልፈው፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ እያደረጉ፣ ተራ መስረቅ ያማረውን ሹፌር በፊሽካቸው ባለበት ያደርቁት ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ ፊሽካው ቤት ይቀርና፣ የእናቴን ቢጫ ሻሽ የባሕር ዛፍ ዘንግ ላይ አስረው ወደ ኳስ ሜዳ ይወርዱ ነበር፤ የመስመር ዳኛ ነበሩና። እናቴ የሱቋ ደጃፍ ላይ ቆማ «የሚስትህን ሻሽ ገፍፈህ ፍትሕ ልትሰጥ ነው?» እያለች ትሸኛቸው ነበር።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ውድድር ይጀመራል። ታላቅ ወንድሜ ዮናስ የመርሳ አጥቂ ነበር፤ በሰፈር ውስጥ ሲሄድ ትንንሾቹ ሁሉ ይከተሉት ነበር፣ እኔም እህቱ በመሆኔ አንገቴን ቀና አድርጌ እራመድ ነበር። በዚያ ክረምት ለዋንጫ ከጎረቤታችን ከውርጌሳ ጋር ደረስን። ዝናቡ አባርቶ፣ ሜዳው ጭቃ ሆኖ፣ ዮናስ የተሻገረለትን ኳስ ተቀብሎ፣ ፊቱ የተደቀነውን ተከላካይ አታልሎ አልፎ አገባ። እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ወዲያው ግን ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረ፤ አባቴ መስመሩ ዳር ቢጫውን ሻሽ ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው ይዘው ቆመዋል። ኦፍሳይድ ነው ተባለና ጎሉ ተሻረ፤ ብዙም ሳይቆይ ውርጌሳዎች አግብተው ዋንጫውን ይዘው ሄዱ።

ማታ ዮናስ ራት ላይ አልተቀመጠም። «አባባ፣ ኳሷ ስትደርሰኝ ተከላካዩ ከፊቴ ነበር፤ አገር አይቷል። አንቱ ብቻ ምን አዩ?» አለ ቆሞ። አባቴ «ያየሁትን ነው ያነሣሁት» አሉ። እናቴም «በገዛ ሻሼ ልጄን ጣልክብኝ!» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ማታ ጀምሮ ዮናስ ጓዳ ብቻውን ይበላ ጀመር።

መስከረም ጠብቶ፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት እንኳን ከትሪው ዳር አልመጣም። እኔ ደግሞ ያለ እሱ ምግብ አይጥመኝም ነበር፤ ወጥ የጠጣውን መሐሉን እየገፋ ወደኔ የሚያደርግልኝ እሱ ነበር። ስለዚህ ቤታችንን ያፈረሰውን ይህን ኦፍሳይድ የሚባል ነገር ማወቅ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። የጠየቅሁት ሁሉ ግን የየራሱን ነገረኝ። አንዱ የሚኒባስ ረዳት «ሰርቆ ማግባት ነው» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ «ዳኛ ሲከፋው የሚያመጣው ነገር ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ጭራሽ ግራ ተጋባሁ።

የገባኝ በጥር፣ የጥምቀት ሰሞን ነው። ለአባቴ ምሳ ይዤ መናኸሪያ ስደርስ፣ አንድ ሚኒባስ ከሰልፉ ሾልኮ ወጥቶ፣ ከበሩ ማዶ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ከበሩ እንደተነሡ ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ!» ብሎ ሲጠራቸው ወደሱ ሮጡ፤ እነሱ እስኪደርሱ ግን ባለተራው መኪናም ወጥቶ አልፎት ከፊቱ ቆመ። አባቴ ፊሽካቸውን ነፉ።

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? ባለተራው ይኸው ከፊቴ ቆሟል!» አለ።

«አሁንማ ከፊትህ ነው» አሉ አባቴ። «ሰዎቹ ከበሩ ሲነሡ የት ነበርክ? እኔ የማየው ያንን ነው።»

ምሳውን ሳልሰጣቸው እንደያዝኩት ወደ ቤት በረርኩ። ከሱቁ ብርቱካን አውጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርኩና ዮናስን ጎትቼ አመጣሁት። ትልቁ ብርቱካን የውርጌሳ ተከላካይ፣ ትንሹ እሱ፣ ከኋላ ያለው ኳሷን ያሻገረለት ጓደኛው፣ ሎሚዋ ኳስ ነበሩ። «ስትደርስህ ተወው» አልኩት፤ «ሎሚዋ ከጓደኛህ እግር ስትነሣ አንተ የት ነበርክ?» ዮናስ ትንሹን ብርቱካን ከተከላካዩ ጎን አስቀመጠው፤ ትንሽ አሰበና ወደፊት አለፍ አደረገው፤ ከዚያ መልሶ አንሥቶ በእጁ ያዘው። «እኔ ጎሉን ነበር የማየው» አለ ቀስ ብሎ። «አላውቅም። ያን ሊያይ የሚችለው መስመሩ ላይ የቆመ ሰው ነው።» እናቴ ከሱቁ ውስጥ ሆና ስትሰማን ኖሯል፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ያለው ማነው?» አለች።

ማታ ዮናስ እጁን ታጥቦ መጥቶ የድሮ ቦታው ተቀመጠ። እናቴ ያኔ ነገረችን፤ ለካ አባቴ እነዚያን ወራት ሁሉ ከፊታቸው ብቻ እየበሉ የዮናስን ወገን አንድም ቀን ነክተው አያውቁም፤ እናቴም ጓዳ ስትወስድለት የኖረችው ያንኑ ነበር። ልጁ አኩርፎም ቢሆን ከእኛው ትሪ ሲበላ ከርሟል። ይህን ሳውቅ አለቀስኩ። አባቴ እንጀራውን ጠቅልለው ሲያጎርሱት «ምነው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ በሆነልኝ ብዬ ነበር፤ ሻሹ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም» አሉት።

አሁን ወልድያ አስተምራለሁ። ኳስ ማሳያ ቤት ስገባ ምስሉን አቁመው፣ መስመር አስምረው፣ ደጋግመው አይተው ሲፈርዱ አያለሁ፤ አባቴ የነበራቸው ግን ሁለት ዓይን ብቻ ነበር፣ የሚሮጠውም ልጃቸው ነበር።

ባለፈው ክረምት መርሳ ወርጄ ከአባቴ ጋር ሜዳው ዳር ተቀመጥን። ሜዳው ክፉ ጊዜ አይቶ ዳግም ሣር አብቅሏል። የአባቴ ዓይን ደክሟል፤ ቢጫውን ሻሽ ይዞ መስመር ላይ የሚሮጠው ዮናስ ነው፣ የመርሳ አጥቂ ደግሞ የዮናስ ልጅ። ኳስ ተሻገረችለትና ልጁ ፈትለክ ብሎ አገባ። የውርጌሳ ወጣቶች «ኦፍሳይድ!» እያሉ ሊነሡ ሲሉ፣ ጸጉሩ የሸበተው አሰልጣኛቸው «ዝም በሉ! እነዚያ ለልጃቸውም አያደሉም» ብሎ ኳሷን ወደ መሐል እንዲወስዱ አዘዛቸው።

አባቴ ክንዴን ያዝ አድርገው «ሻሹ ተነሣ ወይ?» አሉኝ።

«አልተነሣም አባባ።»

«እንግዲያ ጎል ነው» አሉና ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያጨበጭቡ ጀመር። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስመር ዳር ቆመው ለማንም አጨብጭበው የማያውቁት አባቴ፣ ለጎል ሲያጨበጭቡ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።