አባቴ የሸሸው ሜዳ

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ሜዳ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ጎጃም ሲባል ሰው ሁሉ ጮቄን ይጠራል፣ የዓባይን በረሃ ይጠራል፤ ሜዳውን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን ሜዳን ያከብራል። እኔና አባቴ፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን፣ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ እየተነሳን ዙሪያውን ስናስስ ኖረናል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የገጠር መምህር ነው። ብስክሌቱ ማርሽ የሌለው ከባድ ጥቁር ብረት ነው፤ በጉብዝናው ጊዜ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የተመላለሰበት። የኔ ባለ ማርሽ፣ ቀለል ያለ ነው፤ ሆኖም ከፊት የሚሄደው ሁልጊዜ እሱ ነው። ዛፍ የከበበው ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ይወርዳል፣ ብስክሌቱን አጥር ያስደግፋል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ተሳልሞ ሲያበቃ የደብሩን ታሪክ ይነግረኛል። ማን እንደተከለው፣ የትኛው ንጉሥ መሬት እንደሰጠው፣ የትኛው ሥዕል በማን እጅ እንደተሣለ። ግማሹ ታሪክ ነው፣ ግማሹ የራሱ ጭማሪ። የቱ የቱ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ምን ቸገረሽ፣ ሁለቱም ደስ ይላል» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ደስ ይላል።

በአምበር በኩል ያለውን አገር እንዲህ እያደረግን ጨረስነው። ወደ ሮብ ገበያ አንድ ጊዜ ወጥተን በዳገቱ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ሜዳ ከተባለ ግን ሜዳው የደብረ ኤልያስ ነው፤ ካርታ ዘርግቼ ባሳየሁት ቁጥር አባቴ አንድ ሰበብ አያጣም። አንድ ቅዳሜ «ጎማው አይችልም» ይላል። ሌላ ቅዳሜ «ነፋስ አለው» ይላል። በሌላው ጉልበቱን ያመዋል፤ ያ የታመመ ጉልበት ግን በነጋታው ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ሜዳ ትቶ ዳገት የሚመርጥ ሰው አይቼ አላውቅም። በኋላ ሰልችቶኝ ካርታውን አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

አንድ የኅዳር ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ምሳ ቀረበለት፣ አልነካውም። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች፤ ቀና ብላ አየችውና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

«የኔታ ደክመዋል አሉ» አለ።

«የትኛው የኔታ?» አልኩ። አባቴ ቅኔ መማሩን አውቃለሁ፤ የት እንደተማረና ለምን እንደተወው ግን ነግሮኝ አያውቅም።

ያን ቀን ነገረኝ። በወጣትነቱ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ነበር። የኔታ የሚወዱት ደቀ መዝሙር ነበር፤ ጥቂት ቢቆይ ይመረቅ ነበር። በየመንደሩ ለቁራሽ ሲዞር ደጃፏ ላይ የምትሰጠው አንዲት ልጅ ነበረች። ለሌላ ልትዳር መሆኑን ሲሰማ አንድ ማለዳ ተነሥቶ ወጣ፣ ልጅቱን ይዞ ማርቆስ ገባ። የኔታን አልተሰናበተም። ተማሪ መምህሩን ሳይሰናበት፣ ሳይመረቅ መሄዱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተማረው አይባረክለትም ይባላል። አባቴ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል መሄድ ያቃተው ለዚህ ነው።

«ሳይፈቱኝ ከሞቱ ምን እሆናለሁ?» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር፤ አንጀቴን በላው።

«ልጅቱ እኔ ነኝ እንግዲህ» አለችኝ እናቴ ምስሯን እየለቀመች። «ዘመዶቼ፣ ‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል› ብለው ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አልተፈታም።»

ቅዳሜ ማለዳ ብስክሌቴን ሳወጣ፣ አባቴ ከጓሮ አንድ ጥቁር ድንጋይ አንሥቶ ከኋላው መጫኛ ላይ በገመድ ሲያስር አገኘሁት። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። ግን አርባ ኪሎ ሜትር?

«አባዬ፣ እዚያ ድንጋይ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

«የጥፋቴን ድንጋይ ከሰው ደብር ላንሣ?»

ነዳን።

አስፋልቱን ትተን ወደ ጠጠሩ መንገድ ስንገባ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሣም ነበር። እስከ ጉልበታችን ድረስ ነው፤ የአባቴ ጎማዎች አይታዩም፣ ጀርባውና ባርኔጣው ብቻ ይንሳፈፋሉ። ከግራና ከቀኝ የደረሰ ጤፍ ተኝቷል። ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ መቼ እንደጠፋ ሳላየው ጠፋ። ሜዳ ላይ የምትሄጂ አይመስልሽም። አንቺ ባለሽበት ሆነሽ አገሩ ወደ አንቺ የሚመጣ ነው የሚመስልሽ። ከሩቅ ጥቁር ዛፍ ይታያል፤ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ በመሐሉ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ሳታስቢው ከኋላሽ ነው። ሁለት ሰዓት ነድቼ ይሁን አምስት ደቂቃ መለየት አቃተኝ። ሕልም ነው ብባል አምን ነበር።

አባቴ ያን ቀን የትም አልወረደም። ደብር ባለፈ ቁጥር ኮርቻው ላይ እንዳለ ባርኔጣውን ያነሣል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ ይቀጥላል። ታሪክ የለም። አንድ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ላይ ውኃ ልንጠጣ ቆምን፤ ድንጋዮቹ ሽበት አብቅለዋል፣ በሥሩ ቀጭን ወንዝ ዝም ብሎ ይሄዳል።

«ይኼን ድልድይ ማን ሠራው?» አልኩት፣ እንዲያወራ ብዬ።

«አላውቅም» አለ። በአራት ዓመት ውስጥ አላውቅም ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ፈራሁለት።

ከዚያ ወዲያ ስንነዳ አባቴን ወጣት አድርጌ ማየት ጀመርኩ። ስንቅ መያዣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ፣ በዚሁ መንገድ ዳር ሲሄድ። ከብስክሌቱ ጋር የሚተላለፍ መሰለኝ፤ አንዱ ወደ ማርቆስ ሲሸሽ ሌላው ወደ ኤልያስ ሲመለስ። ፀሐዩ ይሆናል። እንቅልፍም አልጠገብኩም ነበር።

ደብረ ኤልያስ የደረስነው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ወደ ተማሪዎቹ ጎጆዎች ተሻገርን። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ካለው መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እጅግ አርጅተዋል፤ ከጋቢው የወጡት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ሰባት ስምንት ተማሪዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጎልማሳው ምክትላቸው አለ፤ አሁን የሚያስተምረው እሱ ነው።

አባቴ ጫማውን አወለቀ፣ ድንጋዩን ፈትቶ አንገቱ ላይ ጫነ፣ ጎንበስ ብሎ ቀረበ።

«የኔታ፣ በድያለሁ፤ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ለመንገደኛ ሁሉ እንደሚሉት።

አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ። አባቴ ግን አልተነሣም።

ምክትሉ ጠጋ አለና፣ «አባቴ፣ የኔታ ሰው መለየት ትተዋል። ፈትተውዎታል፣ ያውርዱት» አለው።

«ማንን እንደፈቱ ሳያውቁ?» አለ አባቴ ወደ መሬት እንዳጎነበሰ።

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። አንገቱ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ አፈሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ነው። ሄጄ ድንጋዩን ልቀማው ተነሣሁ። ምክትሉ በዓይኑ አስቆመኝ።

«የኔታ፣ እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «ማለዳ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ የቀረሁት።»

የኔታ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ያጎነበሰውን ራስ አተኩረው አዩት።

«ውኃውስ?» አሉ።

ከተማሪዎቹ አንድም የሳቀ የለም። አባቴ ድንጋዩን ቀስ ብሎ አወረደ፣ ጎጆው ጥግ የነበረውን ጀሪካን አነሣ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ምንጩ ወረደ። መንገዱን አልረሳውም ነበር። ሲመለስ በእጃቸው ላይ አፈሰሰላቸው፤ ታጠቡ፣ ጠጡ። «ዘገየህ። በል ተቀመጥ፣ ጀምረዋል» አሉት። አባቴ በተማሪዎቹ መሐል መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ሁለቱን ብስክሌቶች ይዤ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መምሸቱን አሰብኩና ምልክት ሰጠሁት። ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«የኔታ፣ ልሂድ ነው፤ ያሰናብቱኝ።»

«የት ነው የምትሄደው? ቅኔህን ሳትነግረኝ? ነገ አዲስ ቅኔ ቆጥረህ ታሰማኛለህ።»

ወደ ጎን ሳብኩት። «አባዬ፣ ነገ አያስታውሱህም። ና እንሂድ።»

«እሳቸው ይርሱት። እኔ ሁለተኛ ሳልሰናበት ከዚህ አልወጣም።»

እናቴ ጋ ደወልኩ። ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«ያኔ ለኔ ብሎ ሳይሰናበት መጣ» አለች። «አሁን ተሰናብቶ ይምጣ። እኔ እጠብቃለሁ። ሌሊት ይበርደዋል፣ ያንቺን ጋቢ ስጪው።»

ጋቢዬን ሰጠሁትና ብቻዬን ነዳሁ። ነፋሱ ከኋላዬ ነበር፤ ሜዳው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም።

አምስት ቀን ቆየ። የኔታ በየማለዳው ይረሱታል፤ እሱም በየማለዳው ውኃ ይቀዳል፣ ይቀመጣል፣ አዲስ ቅኔ አስቦ ይቆጥራል፣ ያሰማል፤ የኔታ «ገና ነው» ይሉታል። በአምስተኛው ቀን ቅኔውን ሰምተው ሲያበቁ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ረጅም መርቀው፣ «ሂድ ልጄ፣ መንገድህን ያቅናልህ» አሉት።

ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ አስጭኖ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ደረሰ። እናቴ በሩ ላይ ወጥታ ቆማ ነበር፤ መግቢያውን አልለቀቀችም።

«ተሰናብተህ መጣህ?» አለችው።

«ተሰናብቼ።»

ትንሽ አየችውና ነጠላዋን አስተካክላ ከበሩ ዘወር አለች።

«እንግዲያው ግባ» አለችው።