ላስሎን የጣለው ምክሬ

ይህን ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። አንባቢዬ ሆይ፣ ፊቴን ስለማታየው ነው ለአንተ የደፈርኩት።

ላስሎ ሀንጋሪያዊ ነው፤ ጡረታ የወጣ ስፖርተኛ። በአንድ ውድድር በሰይፍ የሚፋለም፣ የሚዋኝ፣ የሚጋልብ፣ የሚተኩስ፣ የሚሮጥ ሰው ነበር። ልጁ እኔ ባለሁበት ናይሮቢ ሥራ ስላገኘች ሩንዳ በሚባለው ሰፈር አብሯት ይኖራል። እዚያው ከተማ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ደግሞ ሁለተኛ ቤቱ ናት። ሚስቴ "ወዳጅህ መጣ፣ ውጣና ተቀበለው እንጂ" ስትለኝ ጓዳ ውስጥ ሥራ እፈልጋለሁ።

ወጣት መኮንን ሳለሁ ለትምህርት አገሩ ተልኬ ይህንኑ ስፖርት አብረን ተለማምደናል። በዚያ ውድድር ፈረስ በዕጣ ነው የሚደርስህ፤ አንዱን ፈረስም ሁለት ሰው በየተራ ይጋልበዋል። ቀድሞ የጋለበው የፈረሱን አመል ለተከታዩ ይነግረዋል። የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ የጨዋ ደንብ ነው።

ላስሎ ለብሔራዊ ቡድን በሚመረጥበት ውድድር እኔም በእንግድነት ገባሁ፤ አንድ ዳማ ፈረስ ለሁለታችን ደረሰን። ቀዳሚው እኔ ነበርኩ። እኔ፣ የሱሉልታ ፈረሰኛ ልጅ፣ ልጓሙን አጥብቄ ስይዝ ፈረሱ መሰናክሉ ፊት እየደጋገመ ቆመብኝ። መጨረሻ ላይ ልጓሙን ባላላለት መሰናክሉን ዘሎ በረረ። ያኔ አመሉ ገባኝ። ላስሎ መጥቶ "እንዴት ነው?" አለኝ። እሱ ቢሳካለት ሰው ሁሉ "ፈረሱስ ደህና ነው፣ አበሻው ነው የማይችለው" ሊል ነው። "አጥብቀህ ያዘው" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ?

አጥብቆ ያዘው። ፈረሱ መሰናክሉ ሥር ድንገት ቆመ፤ ላስሎ በአንገቱ ላይ ተሻግሮ ወደቀና ሰይፍ የሚይዝበት እጁ ከአንጓው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረም።

ባለፈው ቅዳሜ ላስሎ የልጅ ልጄን ፈረስ ግልቢያ ሲያስተምራት ለማየት ሄድኩ። አብረዋት ለሚማሩት ልጆች "በፈረስ አታሳብቡ። እኔን ይህ ወዳጄ በትክክል መክሮኝ ነበር፤ የሰነፈው እጄ ነው" አላቸው። የልጅ ልጄ ዞር ብላ "ሪሊ፣ አባባ? በትክክል ነግረኸው ነበር?" አለችኝ።

"አዎ፣ በትክክል" አልኩ። በዚህ ዕድሜው፣ ልጆች ፊት፣ ደግሜ ጣልኩት።

ልጅነት ነው እንዳልል፣ ባለፈው ቅዳሜ ልጅ አልነበርኩም። አንተንስ ይቅር በለኝ ብልህ ምን በድዬሃለሁ? የበደልኩት እሱን ነው። ነገ ለምሳ ይመጣል፣ እንደ ልማዱ ትከሻዬን አቅፎ ይስመኛል። እኔ ግን ይህን ሁሉ የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ ላስሎ አማርኛ አያነብም።