ዓሊያን ፍለጋ የተሠራው ገጽ

ውባለም አርፎ መቀመጥ አይሆንላትም። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ኢንተርኔት ቤቷ ደንበኞች ተቀምጠው ሲጽፉ እሷ ቆማ ትንቆራጠጣለች፤ በር ድረስ ሄዳ ትመለሳለች፣ ቬንትሌተሩን ታዞራለች፣ መልሳ ታዞረዋለች።

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከሳዑዲ የተባረሩ ልጆች አዲስ አበባ መግባት ሲጀምሩ፣ የልጆቻቸው ወሬ የጠፋባቸው የቀወት ወረዳ ወላጆች ደጇን ሞሉት። ኮምፒውተር ተምራ ስለነበር የጠፉትን መመዝገቢያ የኢንተርኔት ገጽ ሠራች። አዲስ አበባ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ገጹን እየከፈቱ ከተመላሾቹ ስም ጋር ያመሳክራሉ።

ችግሩ ኔትወርኩ ነበር። «ላክ» የሚለው ሲነካ ገጹ እንዳለ ይጠፋና እንደ አዲስ ልከፈት ይላል፤ መሀል ላይ መስመሩ ይቆረጣል። ሲመለስ ባዶ ነው፤ የተጻፈውን ሁሉ ውሃ በልቶታል።

ከወላጆቹ አንዷ፣ እትዬ ዓይሻ፣ ገጹ በጠፋ ቁጥር የልጃቸውን የዓሊያን ነገር ደጋግመው ተናገሩ። በመጨረሻ ድምፃቸው ተሰበረ።

«ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችልኝ እያለቀሰች ነው። ይህን ስንቴ ልበለው?»

ውባለም በማግስቱ ቤቷን ሳትከፍት፣ ምሳም ሳያምራት፣ የገጹን ኮድ ስትጽፍ ስታፈርስ ዋለች። ገጹ ካለበት ሳይነቃነቅ የተሞላው ብቻ ከጀርባ ሹልክ ብሎ እንዲሄድ፣ መስመር ቢቆረጥም ሳይጠፋ ደግሞ እንዲሞክር አደረገችው። ወዲያው እትዬ ዓይሻን በባጃጅ አስመጣችና የዓሊያን ነገር ሞልታ ላከችላቸው።

እሳቸው ስክሪኑን አፍጥጠው አዩ። «ምንም አልሆነም እኮ! ዛሬም እምቢ አለ?»

«ሄዷል፣ እትዬ ዓይሻ።»

«ወላሂ በይ!»

«ማርያምን፣ ሄዷል!»

አላመኑም። እውነታቸውን ነው፤ ኮሽታ ሳያሰማ የሄደን ነገር ማን ያምናል? ውባለም ተመልሳ ተቀመጠችና፣ መልእክቱ መድረሱ ሲረጋገጥ ብቻ የሚወጣ አረንጓዴ ጽሑፍ ጨመረች። እንደገና ላከችና አነበበችላቸው፤ «ዓሊያ ተመዝግባለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ጽሑፉን በጣታቸው እየዳሰሱ።

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ውባለም ትበረግግ ጀመር። አንድ ቀን አንዲት በጎ ፈቃደኛ ደወለች፤ ዓሊያ አዲስ አበባ የተመላሾች መጠለያ ውስጥ ተገኝታለች፣ እግሯ ተሰብሯል። ውባለም ቤቷን ክፍት ትታ ወደ እትዬ ዓይሻ ሮጠች። እትዬ ዓይሻ ሲሰሙ የውባለምን ክንድ ያዙ።

«እግሯ ይድናል?»

«ይድናል ብለዋል።»

ዓሊያ በክራንች ከአውቶቡስ ስትወርድ መናኸሪያው በእልልታ ተናወጠ። ውባለም በር ላይ ቆማ አየች፣ አለቀሰች፤ ብዙ ግን አልቆመችም። ውስጥ ልጃቸው የጠፋባቸው፣ ከአጣዬ ከተማ የመጡ አንድ አባት ይጠብቋታል።

«ስሙን ይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለቻቸው፣ ገና ሳትቀመጥ።